የዝናብ አይሶቶፕ ካርታ በኢትዮጵያ

የዝናብ አይሶቶፕ ካርታ በተለያዩ ቦታዎች በሚዘንበው ውሃ ውስጥ ያለውን የከባድ ኦክስጅንና የከባድ ሃይድሮጅን መጠን በቦታና በወቅት ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ነው። ካርታው ምን ያህል ዝናብ እንደዘነበ አይናገርም፤ የዘነበው ውሃ ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን እንደገጠመውና መሬት ከገባ በኋላ በየትኛው ጉድጓድ፣ ምንጭ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንደሚገኝ ለማወቅ ያገለግላል። በተለይ ዝናብ በሚያንስባቸው እንደ አፋር፣ ሶማሌ ክልልና ቦረና ባሉ አካባቢዎች ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ በየዓመቱ የሚተካ ነው ወይስ ከጥንት የተቀመጠና አንዴ ካለቀ የማይመለስ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከሚረዱ ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ የጥናት መስክ ልዩ ቦታ አላት። የአዲስ አበባ የዝናብ አይሶቶፕ መዝገብ በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ሲሆን፣ መዝገቡ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍት ከሚገኘው ሕግ ጋር አይስማማም።

== መሠረተ ሐሳብ ==

የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች በኬሚካዊ ባሕርያቸው አንድ ሆነው በክብደት ሊለያዩ ይችላሉ። እነዚህ አይሶቶፖች ይባላሉ። ከኦክስጅን አተሞች 99.76 በመቶ የሚሆኑት ኦክስጅን-16 ሲሆኑ ከ1000 አተሞች 2 ያህሉ ኦክስጅን-18 ናቸው። ሃይድሮጅንም ዲዩቴሪየም የሚባል ከባድ ወንድም አለው፤ በውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሃይድሮጅን አተሞች ዲዩቴሪየም የሆኑት 156 ገደማ ብቻ ናቸው። ሁለቱም አይፈራርሱም፣ ጨረርም አይለቁም፤ ሰው የሚጠጣው ማንኛውም ውሃ ውስጥ አሉ። ሦስተኛው የሃይድሮጅን ዓይነት ትሪቲየም ግን ራዲዮአክቲቭ ሲሆን በ12.32 ዓመት ግማሹ ይጠፋል።

ከባዱ ውሃ ከቀላሉ ይልቅ ለመትነን ይዘገያል፣ ለመርጋትና ዝናብ ለመሆን ግን ይቀድማል። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ጠንካራው የሚሆነው አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ነው፤ በውሃው አይሶቶፖች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢሆንም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ከውቅያኖስ የሚነሳው እንፋሎት ከባሕሩ ውሃ ቀለል ይላል። ደመናው ወደ ውስጥ አገር ሲጓዝ ከባዱን ቀድሞ ያዘንባል፣ የቀረው እንፋሎት ይበልጥ ይቀላል፣ ቀጥሎ የሚዘንበውም እንዲሁ።

ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚጻፈው በሺህ ክፍል፣ ማለትም በፐር ሚል (‰) ነው። መለኪያው ዴልታ ይባላል። ዜሮው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቪየና ውስጥ የሚቀመጠው መደበኛ የውቅያኖስ ውሃ ነው። ዴልታ ኦክስጅን-18 -5 ፐር ሚል የሆነ ዝናብ ማለት ከዚያ መደበኛ ውሃ ጋር ሲነጻጸር በኦክስጅን-18 መጠኑ በሺህ 5 ያነሰ ማለት ነው። የዛሬ ላቦራቶሪዎች ኦክስጅን-18ን በ0.1 ወይም 0.2 ፐር ሚል ትክክለኛነት ይለካሉ።

== ታሪክ ==

ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪሊ ዳንስጎርድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ግቢው ሣር ላይ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አቁሞ፣ ማጥለያ ሰክቶበት፣ የሚዘንበውን ዝናብ ሰበሰበ። ውሃውን ላቦራቶሪ ወስዶ ሲለካ በአንድ የዝናብ ክስተት ውስጥ እንኳ የከባድ ኦክስጅን መጠን እንደሚለዋወጥ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ሰፊ ጽሑፍ ሙቀት፣ ከፍታ፣ ከባሕር ያለው ርቀትና የዝናቡ መጠን አይሶቶፑን እንዴት እንደሚለውጡ በሥርዓት አስቀመጠ። እስከ ዛሬ ካርታ የሚሠራ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው።

አሜሪካዊው ሃርሞን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የዝናብ፣ የወንዝና የበረዶ ውሃ በአንድ መስመር ላይ እንደሚሰለፍ አሳየ፦

ዴልታ ዲዩቴሪየም = 8 × ዴልታ ኦክስጅን-18 + 10

ይህ የዓለም የዝናብ መስመር ይባላል። በትነት የተጎዳ ውሃ ከመስመሩ በታች ወጥቶ ዝቅ ባለ ተዳፋት፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ባለው፣ ይሰለፋል። ስለዚህ የአንድ ኩሬ ውሃ ናሙና ነጥቡን መስመሩ ላይ በማስቀመጥ ብቻ ውሃው ፀሐይ ላይ ቆይቶ እንደሆነ መናገር ይቻላል።

ዓለም አቀፉ የዝናብ አይሶቶፕ መረብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 በአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውና በዓለም የሜትዮሮሎጂ ድርጅት ሲሆን ናሙና መሰብሰብ የጀመረው በ1961 ነው። ጊዜው የሃይድሮጅን ቦምብ በአየር ላይ የሚሞከርበት ነበር። ሙከራዎቹ ብዙ ትሪቲየም ወደ ከባቢ አየር ረጩ፤ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ዝናብ ውስጥ መጠኑ በ1963 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። መረቡ ሲጀመር ዋና ሥራው ይህን መከታተል ነበር። የኦክስጅን-18ና የዲዩቴሪየም ልኬት አብሮ ተደረገ፣ በኋላም ከትሪቲየሙ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። አዲስ አበባ ከመረቡ የመጀመሪያ ጣቢያዎች አንዷ ናት፤ መዝገቧ አልፎ አልፎ ክፍተት ቢኖረውም ከ1961 ይነሳል።

== የአዲስ አበባ እንቆቅልሽ ==

የአዲስ አበባ ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 2360 ሜትር ላይ ይገኛል። በሌሎች ተራራማ አገሮች ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር የዝናቡ ዴልታ ኦክስጅን-18 ከ0.15 እስከ 0.5 ፐር ሚል ይቀንሳል። አንባቢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል፦ በምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ዝናቡ -2 ቢሆን፣ በ100 ሜትር 0.2 ፐር ሚል ብቻ ይቀንስ ቢባል፣ 2360 ሜትር ላይ ሲደርስ በ4.7 ቀንሶ -6.7 ገደማ መሆን አለበት። በእርግጥ የሚለካው የረጅም ጊዜ አማካይ ግን ከ-1 እስከ -2 ፐር ሚል መካከል ነው። ከባሕር ዳርቻዋ ዳሬሰላም ዝናብ እንኳ የአዲስ አበባው በከባድ አይሶቶፕ ይበለጽጋል። ልዩነቱ 5 ፐር ሚል ያህል ስለሆነ በመለኪያ ስህተት ሊመካኝ አይችልም።

ወቅቱም ሌላ ነገር ያሳያል። የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ይልቅ ከባድ ነው፤ በበልግ ወራት ከዜሮ በላይ የሆኑ ቁጥሮች ይመዘገባሉ። ዋናው ዝናብ የሚወርድባቸው ሐምሌና ነሐሴ ግን ከዜሮ በታች ናቸው። የአዲስ አበባ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው ከክረምቱ ዝናብ ጋር የሚቀራረበው ለዚህ ነው፦ መሬቱ ጠግቦ ውሃ ወደ ታች የሚያሰርገው በክረምት እንጂ በበልግ ካፊያ አይደለም።

ለእንቆቅልሹ የተሰጡት መልሶች በሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው እንፋሎቱ ወደ ኢትዮጵያ ከመድረሱ በፊት በመንገድ ብዙ አልዘነበም፣ ስለዚህም ከባዱን ክፍል ይዞ ደርሷል ይላል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ለዚህ ይስማማል። ሁለተኛው እርጥበቱ በየብስ ላይ እንደገና የተነሳ ነው ይላል። ዕፅዋት በሥራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ሲያወጡት አይሶቶፑ ብዙም ሳይለወጥ ወደ አየር ይመለሳል፤ ይህም ደመናው በዝናብ ያጣውን ከባድ ክፍል መልሶ ይሰጠዋል። ናኦሚ ሌቪን፣ ኤድዋርድ ዚፕሰርና ቱሪ ሰርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያንና የኬንያን ውሃዎች አነጻጽረው፣ በደቡብ ሱዳን ካለው የሱድ ረግረግና ከኮንጎ ተፋሰስ ደን የሚነሳ እርጥበት በኢትዮጵያ ዝናብ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ተከራክረዋል። ሰይፉ ከበደና ኢቭ ትራቪ ደግሞ በ2012 የአገሪቱን ዝናብና ሌሎች ውሃዎች አንድ ላይ መርምረው በኢትዮጵያ የከፍታ ተጽዕኖ ከዓለም አቀፉ አማካይ በእጅጉ ደካማ መሆኑን አሳይተዋል።

ክርክሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው መልስ ትክክል በሆነበት መጠን የኮንጎ ደን መመንጠር ወይም የሱድ ረግረግ መድረቅ የጎጃምንና የሸዋን ክረምት ይነካል ማለት ነው።

== ካርታው እንዴት ይሠራል ==

ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያለውን ዋጋ መገመት የካርታው ሥራ ዋና ክፍል ነው። ብዙ የሚሠራበት ዘዴ ገብርኤል ቦወንና ብሩስ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ሲሆን ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የጣቢያዎቹ መረጃ ከኬክሮስና ከከፍታ ጋር በሒሳብ ቀመር ይያያዛል፤ ቀመሩ ለማንኛውም ቦታ አንድ ግምት ይሰጣል። ቀጥሎ በየጣቢያው በቀመሩና በእውነተኛው ልኬት መካከል የቀረው ልዩነት ይወሰድና በጣቢያዎቹ መካከል ባለው ቦታ ላይ እንደ ርቀቱ ይከፋፈላል። ሁለቱ ሲደመሩ ካርታው ይወጣል። መረጃው እንደ ሠንጠረዥ፣ ከፍታው እንደ ዲጂታል የመሬት ገጽታ ፋይል ካለ በነጻ ሶፍትዌር በግል ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ላይ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅና ደጋዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀመሩ ቀላል ዝናብ ይተነብያል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩነት ከፍተኛ ስለሆነ በሁለተኛው ደረጃ ይህ እርማት በዙሪያዋ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል፤ ሌላ የረጅም ጊዜ ጣቢያ በአቅራቢያ ከሌለ እስከ አፋር በረሃና እስከ ኦጋዴን ድረስ የአንዲት ከተማ ቁጥር ይገዛል ማለት ነው። ካርታው በቀለም ሲታይ ግን ሁሉም ቦታ እኩል የታወቀ ይመስላል። ጥሩ ካርታ ከዋናው ጋር የእርግጠኝነት ካርታ አብሮ ያወጣል። ተጠቃሚው ቢያንስ አንድ ሙከራ ቢያደርግ ይጠቅመዋል፦ አንድ ጣቢያ አውጥቶ ካርታውን እንደገና መሥራትና የወጣውን ጣቢያ ዋጋ ምን ያህል እንደሳተ ማየት። አዲስ አበባን ማውጣት ለዚህ ሙከራ ከዓለም ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ሌላው ስህተት አማካይ ሲወሰድ የሚፈጠር ነው። የ12 ወራት ዋጋ ተደምሮ ለ12 ቢካፈል 5 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ታኅሣሥ 250 ሚሊ ሜትር ከዘነበበት ነሐሴ ጋር እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ የየወሩ ዋጋ በዝናቡ መጠን ተባዝቶ፣ ድምሩ በዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ይካፈላል። በደረቅ አካባቢ ይህን መርሳት ካርታውን ፈጽሞ ያበላሸዋል።

== በደረቅ አካባቢዎች ==

=== ናሙና መሰብሰብ ===

በደጋ አንድ ጠርሙስ በወር ይሞላል። በአፋር ወይም በሶማሌ ክልል ግን ወራት ያለ ዝናብ ሊያልፉ፣ ከዚያም የዓመቱ ግማሽ በሁለት ሌሊት ሊወርድ ይችላል። የተሰበሰበው ጥቂት ውሃ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲቆይ ይተናል፣ የቀረው ደግሞ ይከብዳል፤ ላቦራቶሪው የሚለካው የዝናቡን ሳይሆን የጠርሙሱን ታሪክ ይሆናል። ለዚህ የቆየው መፍትሔ በጠርሙሱ ውስጥ የፓራፊን ዘይት ጨምሮ ውሃውን ከአየር መለየት ነው። አሁን ደግሞ ውሃው በቀጭን ቱቦ እስከ ጠርሙሱ ግርጌ ወርዶ የሚገባበት፣ ዘይት የማያስፈልገው መሰብሰቢያ በስፋት ይሠራበታል።

የዝናብ ጠብታው ራሱም በደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ መሬት ከመድረሱ በፊት ይተናል። በቆላ ከደመናው በታች የሚታየው፣ መሬት ሳይደርስ የሚጠፋው የዝናብ መጋረጃ የዚህ ምልክት ነው። መሬት የደረሰው ካፊያ ከባድ ሆኖ ይገኛል። ኃይለኛ ዝናብ ግን አየሩን ራሱ ስለሚያረጥበው ብዙ ሳይለወጥ ይደርሳል።

ይህ ለውሃ ፍለጋ ትልቅ ትርጉም አለው። በደረቅ አገር ካፊያው አፈሩን አርሶ ተመልሶ ይተናል፤ ወደ ታች የሚሰርገው ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረቅ ወንዝ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውሃው አይሶቶፕ ከዓመቱ አማካይ ዝናብ ጋር ሳይሆን ከጥቂት ትላልቅ ዝናቦች ጋር ይመሳሰላል። በቦረና ገና የሚባለው የበልግ ዝናብና ሀጋያ የሚባለው የመኸር ዝናብ፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ጉና ደይር፣ ለየብቻ መለካት ያለባቸውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉና የቦረና ከብት ሲያልቅ የጥልቅ ጉድጓዶች ጥያቄ በርትቶ ነበር። አንድ ጉድጓድ ስንት ሊትር በሰከንድ ይሰጣል የሚለው በፓምፕ ሙከራ ይታወቃል፤ ውሃው ይተካል ወይ የሚለውን ግን ፓምፑ አይነግርም።

=== አዲስ ውሃና አሮጌ ውሃ ===

በሰሜን አፍሪካ በግብፅ፣ በሊቢያ፣ በሱዳንና በቻድ ሥር የተንጣለለው የኑቢያ አሸዋማ ድንጋይ የከርሰ ምድር ውሃ ዴልታ ኦክስጅን-18 እስከ -10 ፐር ሚል ይደርሳል። ዛሬ በዚያ የሚዘንብ ዝናብ እንዲህ አይቀልም። ውሃው ከአሁኑ የተለየ የአየር ንብረት በነበረበት ዘመን የዘነበ ነው፤ የሚቀዳው እንደ ማዕድን ነው እንጂ አይተካም። በኢትዮጵያ ቆላዎች የጉድጓድ ውሃ ሲመረመር የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ ከዛሬው ዝናብ ጋር ይመሳሰላል ወይስ ከእርሱ ቀልሎ ይገኛል? ትሪቲየም ካለበት ቢያንስ የተወሰነው ክፍል ከ1950ዎቹ ወዲህ የዘነበ ነው።

ቀላል ሆኖ የተገኘ ውሃ ሁሉ ግን ጥንታዊ አይደለም። ከሩቅ ደጋ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሃርሞን ክሬግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የፍል ውሃዎችን አይሶቶፕ አጥንቷል፤ የእርሱና የተከታዮቹ ሥራ በአሉቶ ላንጋኖ ያለው የከርሰ ምድር እንፋሎት የሚመገበው በዋናነት ከስምጥ ሸለቆው ዳር ካሉ ደጋዎች በሚወርድ የዝናብ ውሃ መሆኑን አሳይቷል። በትነት የከበዱት ሐይቆች ከዚያ ይለያሉ። አፋር ውስጥም በአዋሽ ዳርና በጎርፍ ሜዳዎች ያለው የከርሰ ምድር ውሃ የአዋሽን፣ ማለትም የሸዋን ደጋ ዝናብ፣ ምልክት ሊይዝ ይችላል። የከፍታ ተጽዕኖው በኢትዮጵያ ደካማ መሆኑ ይህን ልየታ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ያከብደዋል፤ ሁለቱም አይሶቶፖች፣ የውሃው ጨዋማነትና የቦታው ጂኦሎጂ አብረው መታየት አለባቸው።

መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ የዚህ ዓይነት ልየታ በጣም ካስፈለገባቸው ቦታዎች ነው። ሐይቁ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ የግጦሽ መሬት አጥለቅልቋል፣ መንገድና የባቡር ሐዲድም አስግቷል። ዝናቡ እንደዚያ አልጨመረም። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውን የአዋሽ ውሃና ከሥር የሚመጣውን ፍል ውሃ ለመለየት ተመራማሪዎች ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ አይሶቶፕ ነው።

== ቆሼና የአቃቂ ተፋሰስ ==

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ የአዲስ አበባ ዋና የቆሻሻ መጣያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የከተማዋ የዝናብ መዝገብ በተጀመረበት በዚያው አሥር ዓመት። ቦታው 36 ሄክታር ገደማ ሲሆን ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ ሳይደረግለት ነው ቆሻሻ የተከመረበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ በዙሪያው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። የረጲ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይር ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በክምሩ ላይ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ግን አሁንም በቆሻሻው ውስጥ አልፎ ይወርዳል፤ የምዕራብ አዲስ አበባ ውሃ ደግሞ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይፈሳል። ወንዙ በሚያልፍበት ሁሉ አትክልት በመስኖ ይለማል፣ ከከተማዋ በስተደቡብም የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መስክ አለ።

የዝናብ መስመሩ እዚህ ላይ እንደ መነሻ ያገለግላል። በከተማ መሬት ሥር የሚገኝ ውሃ ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል፣ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው። የክረምት ዝናብ በመስመሩ ላይ ይገኛል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የቧንቧ ውሃ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ፀሐይ ስለመታው በትነት ወደ መስመሩ ታች ያዘነብላል፤ ከተሰበረ ቧንቧ የሚሰርገው ውሃ በዚህ ይታወቃል። ከቆሻሻ ክምር የሚንጠባጠበው ጥቁር ፍሳሽ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። በክምሩ ውስጥ አየር በሌለበት ሜቴን የሚያመርቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀላሉን ሃይድሮጅን ወደ ጋዙ ስለሚወስዱ የቀረው ውሃ በዲዩቴሪየም ይበለጽጋል፤ ኦክስጅኑ ግን ብዙ አይነካም። ነጥቡ ከዝናብ መስመሩ በላይ ይወጣል። በዓለም ላይ በተፈጥሮ ከዚህ ጋር የሚምታታ ውሃ ጥቂት ስለሆነ የቆሻሻ መጣያ ፍሳሽ ከሌላ የከተማ ብክለት የሚለይበት ጥሩ ምልክት ነው። በሌሎች አገሮች በቆሻሻ መጣያዎች ፍሳሽ ውስጥ ከዝናብ የላቀ ትሪቲየምም ተገኝቷል፤ ምንጩ በጨለማ የሚያበሩ የሰዓትና የምልክት ቀለሞች ናቸው።

ዘዴው ወሰን አለው። ፍሳሹ በዝናብና በወንዝ ውሃ እየተቀጠነ ሲሄድ የዲዩቴሪየሙ ጭማሪ በፍጥነት ይጠፋል፣ ጎጂው ብረትና ናይትሬት ግን በትንሽ መጠንም ይጎዳል። አይሶቶፕ ውሃው ከየት እንደመጣ እንጂ መርዛማ መሆኑን አይናገርም፤ የኬሚካል ምርመራን አይተካም።

በአቃቂ ተፋሰስ የተደረጉ የአይሶቶፕ ጥናቶች የከርሰ ምድሩ አንድ ወጥ አለመሆኑን አሳይተዋል። በእንጦጦ ግርጌና በሰሜኑ ከፍታ ያሉ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች በቅርብ ጊዜ በዘነበ ዝናብ ይታደሳሉ፣ ስለዚህም በላያቸው የሚጣለው ሁሉ ይደርስባቸዋል። ከፍልውሃ ሥር የሚመጣው ሙቅ ውሃ ግን ከዛሬው ዝናብ የቀለለና ከመሬት በታች ረጅም ጊዜ የቆየ ነው።

የትሪቲየም መለያው በተለይ ጊዜው እያለፈ ነው። በ1963 የዘነበው የቦምብ ትሪቲየም እስከ 2025 አምስት ጊዜ በግማሽ ተቀንሷል፤ ከ100 እጅ የቀረው 3 ያህል ነው። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዝቅተኛ ኬክሮስ ላይ ስለሆነች የመጀመሪያው መጠንም ከአውሮፓ ያነሰ ነበር። ያልተወሰደ የቆየ ናሙና በኋላ ሊተካ አይችልም።

== ሌሎች አገልግሎቶች ==

የዛሬው የዝናብ ካርታ ያለፈውን ለማንበብም ይፈለጋል። በምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ካሉ ዋሻዎች በተወሰዱ የድንጋይ ጠብታዎች ላይ አስፋወሰን አሥራትና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ በጣና ሐይቅ ደለል ውስጥ በቆየ የቅጠል ሰም ላይ የተሠራው የዲዩቴሪየም ልኬት፣ እንዲሁም በአፋር የቅሪተ አካል ጥርስ ኦክስጅን ላይ የሚደረገው ምርምር ሁሉ አንድ ነገር ይጋራሉ፦ በጥንቱ ናሙና ውስጥ ያለው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ዛሬ የሚዘንበው ምን እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ እንደ መጽሐፉ ሕግ አለመሆኑን ያላወቀ ሰው ከባዱን ቁጥር አይቶ ጥንት ድርቅ ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቀድሞ ናሙና ሁሉ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይላክ ነበር፤ መሣሪያው ግዙፍና ውድ ነበርና። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሌዘር ብርሃን የሚለኩ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ቤትም በዚህ መንገድ ይለካል። አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ መሰብሰቢያ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የናሙና ጠርሙስና በየቀኑ የዝናቡን መጠን የሚመዘግብ ሰው ካሉ አዲስ ጣቢያ መክፈት ይቻላል። ከጎዴ፣ ከሰመራ ወይም ከያቤሎ የሚገኝ የሦስት ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ከአዲስ አበባ ሌላ አሥር ዓመት ይበልጥ ይለውጠዋል።